ሁለቱን ትቶ መሄድ



የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኳስ ነው። የሚያውቁኝ ወላጆች «ኡስታዝ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ሊሉን ነው?» ብለው ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። እውነት ነው፣ እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም። ኳስን የማውቀው በመድረሳችን መስኮት በኩል ነው። ከዐሱር በኋላ ልጆቹ ኪታባቸውን አጥፈው ግቢው ውስጥ ሲራወጡ፣ አንዱ «ገባ!» ሌላው «አልገባም!» ብሎ ሲሟገት እሰማለሁ። ይሁን እንጂ በማስተማር ያሳለፍኳቸው ዓመታት አንድ ነገር አሳይተውኛል። የልጅ ጠባይ ከቂርኣቱ ይልቅ በጨዋታው ላይ ፈጥኖ ይገለጣል። ኪታብ ይዞ ፊቴ ሲቀመጥ ሁሉም ጨዋ ነው። ቡድን ሲመርጥ ግን ማንን «ና» እንደሚል፣ ማንንስ «አንተ ቆይ» እንደሚል ያን ጊዜ አየዋለሁ።

ይህን ሐሳብ ያጠናከረልኝ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ታሪክ ነው። የእህቴ ልጅ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ይኖራል። ሥራው ድልድዩን ተሻግሮ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ለዒድ ዘመድ ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ ስለ መድረሳችን ልጆች እያወጋን ሳለ፣ «አጎቴ፣ እኔ በምሠራበት ከተማ በአንድ ጥቁር አስተማሪ ስም የተሰየመ የትምህርት ቤት ግቢ አለ፤ የሰውየውን ታሪክ ብትሰማ ትወደዋለህ» አለኝ። እውነትም ወደድኩት። ከተመለሰ በኋላ የላከልኝን ጽሑፍ የእንግሊዝኛ መምህር የሆነ ጎረቤቴ እያነበበ ተረጎመልኝ። እኔም ለእናንተ እንዲህ አቀረብኩት።

በመጀመሪያ ጨዋታውን ላስረዳ። አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በእጅ ተይዞ ይሮጣል፣ ይወረወራል፤ አልፎ አልፎ ብቻ በእግር ይመታል። በአንድ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ኳሱን ይዞ ወደ ፊት ሊገፋ ይታገላል፣ ሌላው ወገን ሰውነቱን ግድግዳ አድርጎ ይከለክላል። በዚህ ጨዋታ ብቻውን የሚያሸንፍ ሰው የለም። ሯጩ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ሌሎች አሥሩ መንገድ ሊከፍቱለት፣ ስለ እሱም ሊመቱለት ይገባል።

የአሜሪካ ኮሌጆች ይህን ጨዋታ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ይጫወታሉ። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ ደግሞ ብልጫ ያሳዩ ቡድኖች «ቦውል» ወደሚባሉ ጨዋታዎች በግብዣ ይጠራሉ። ቃሉ ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነው፤ ስሙም የተወሰደው ከስታዲየሞቹ ቅርጽ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከእነዚህ ውስጥ ትልልቆቹ የሚደረጉት በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ነበር። ለተጠራ ቡድን ክብር ነው፤ ለኮሌጁም ዳጎስ ያለ ገንዘብ ነው። ይህን ገንዘብ አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1951 (እ.ኤ.አ.) የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የሚባል፣ የካቶሊክ ቀሳውስት የሚያስተዳድሩት አነስተኛ ኮሌጅ አንድ ቡድን ነበረው። ቡድኑ «ዶንስ» ይባላል። አሠልጣኙ ጆ ኩሃሪች የተባለ ጥብቅ ሰው ነበር። ተጫዋቾቹን ኮርኒንግ በምትባል የካሊፎርኒያ ገጠር ከተማ፣ በበጋው ሐሩር ውስጥ አሠልጥኖ አመጣቸው። የተጫዋቾቹ አመጣጥ የተለያየ ነው። ጂኖ ማርኬቲ የኢጣሊያ ስደተኞች ልጅ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። ቦብ ሴንት ክሌር ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም የሆነ ግዙፍ ሰው ነው፤ ጥሬ ሥጋ በመብላቱ አገሩ ሁሉ ይገረምበት ነበር። (እኛ አገር ቢሆን ማንም ዞር ብሎ ባላየው!) የቡድኑን ወሬ ለጋዜጦች የሚያደርሰው ደግሞ ፒት ሮዜል የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ጥቁሮች ነበሩ። አንዱ ኦሊ ማትሰን ነው፤ የቴክሳስ ተወላጅ፣ ኳስ ይዞ ሲሮጥ የሚደርስበት የሌለ። ሁለተኛው በርል ቶለር ነው፤ በቴነሲ ግዛት ሜምፊስ ከተማ የተወለደ፣ በመከላከል ላይ እንደ ግንብ የሚቆም። ሁለቱም ትውልዳቸው ከደቡብ ነው። በዚያ ዘመን በደቡባዊው አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ፣ በአንድ ሆቴል እንዳያድሩ፣ ከአንድ ቧንቧ እንኳ እንዳይጠጡ በሕግና በልማድ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ያለውን መለያየት ሕገ ወጥ ያለው በ1954 ነው፤ ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከዚያ 3 ዓመት ይቀድማል።

የ1951 የውድድር ዘመን ተጀመረ። ዶንሶች አንዱን አሸነፉ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ወደ ኒውዮርክ ድረስ ተጉዘው ፎርድሃም ከተባለው ኮሌጅ ጋር በተጋጠሙ ጊዜ 32 ለ26 ረቱ። በዚያ ቀን ማትሰን ተጋጣሚው የመታውን ኳስ ከራሱ ሜዳ ጥግ ተቀብሎ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በሚባል ርቀት ሮጦ ሁለት ጊዜ ነጥብ አስቆጠረ። ወደ ማብቂያው ላይ ብርቱ የነበረውን የፓሲፊክ ኮሌጅ 47 ለ14 አሸነፉ። የመጨረሻውን ጨዋታ ከሎዮላ ጋር አድርገው 20 ለ2 ድል ነሱ። ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ድል! ሽንፈት የለም፣ አቻም የለም። ማትሰን በእነዚያ 9 ጨዋታዎች ብቻ ኳስ ይዞ 1,566 ያርድ ሮጠ፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ካሉ የኮሌጅ ሯጮች ሁሉ አንደኛ ሆነ። የስፖርት ጋዜጠኞች በሚያወጡት የመላ አገሪቱ ደረጃ ቡድኑ 14ኛ ላይ ተቀመጠ።

ታዲያ የቀረው ግብዣው ነው። ኮሌጁ ግብዣውን የፈለገው ለክብር ብቻ አልነበረም። የፉትቦል ቡድን ወጪ ከባድ ነው፤ ተመልካቹ ግን ሜዳውን አይሞላም ነበር። ኮሌጁ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። የአንድ ቦውል ጨዋታ ገንዘብ ቡድኑን ከመዘጋት ሊያድነው ይችል ነበር። ተጫዋቾቹም ይህን ያውቁ ነበር።

ተጫዋቾቹ በሕይወት ዘመናቸው ደጋግመው እንደመሰከሩት፣ መልእክት መጣ። ግብዣው ከደቡብ ነው፤ በፍሎሪዳ ግዛት ማያሚ ከሚደረገው ኦሬንጅ ቦውል። መልእክቱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ሁለቱ ጥቁሮች ካልመጡ ቡድኑ ሊጋበዝ ይችላል፤ ከመጡ ግን ግብዣ የለም። አሠልጣኙ ነገሩን ለልጆቹ አቀረበላቸው።

እስቲ ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚያ ወጣቶች ዓመቱን ሙሉ አጥንታቸው እስኪሰበር የለፉ ናቸው። ሽልማታቸው በራፋቸው ላይ ቆሟል። የተጠየቁት ሰው እንዲገድሉ ወይም እንዲሰርቁ አይደለም። የተጠየቁት ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለአንድ ጨዋታ ብቻ፣ ሁለት ሰዎችን ቤት ትተው እንዲሄዱ ነው። ሸይጧን እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያመጣው ሰበብ ብዙ ነው። «እኛ መች ጠላናቸው? ሕጉን ያወጣው ሌላ ነው። ብንቀር ለእነሱስ ምን ይጠቅማቸዋል? ብንሄድና ብናሸንፍ ኮሌጁ ይድናል፤ ኮሌጁ ከዳነ እነሱም ይጠቀማሉ። ደግሞስ ሁለት ሰው ለሠላሳ ሰው ቢቀር ምን አለበት?» እያንዳንዱ ሰበብ ሲሰሙት ምክንያት ይመስላል። ብዙ ግፍ የሚሠራው በክፉ ሰዎች እጅ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰበብ ባገኙ ደህና ሰዎችም ጭምር ነው።

ልጆቹ እምቢ አሉ። ብዙ ውይይት እንኳ አላስፈለገንም ነበር ይላሉ፤ ወይ ሁላችንም እንሄዳለን፣ አለዚያ ማንም አይሄድም ነበር ሐሳባቸው። በ1952 ጥር 1 ቀን (እ.ኤ.አ.) ኦሬንጅ ቦውል ላይ የተገናኙት ጆርጂያ ቴክና ቤይለር የተባሉ ሌሎች ኮሌጆች ሆኑ። ዶንሶች ቤታቸው ዋሉ። ወቅቱ ባለቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኮሌጁ የፉትቦል ቡድኑን ለመያዝ አቅም የለኝም ብሎ ዘጋው። አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ ቡድን በገንዘብ እጦት ፈረሰ። በኋላ ላይ ሰዎች ሲጠሯቸው «ያልተሸነፉት፣ አቻ ያልወጡት፣ ያልተጋበዙት» ይሏቸው ጀመር።

ይህን ስሰማ ከልጅነቴ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ወሎ ውስጥ ደረሳ ነበርኩ። ደረሳ እንደምታውቁት ከወላጆቹ ርቆ ኪታብ የሚቀራ፣ ሕዝቡ በሚሰጠው የሚኖር ተማሪ ነው። ከመካከላችን አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ አገሩ ሁሉ በእሱ ማረሻ ያርሳል፤ ግን «ዓይኑ ክፉ ነው» እየተባለ አብሮት የሚበላ አልነበረም። ክረምት መግቢያ ላይ፣ እህል ከየጎተራው በሚያልቅበት ወቅት፣ አንድ ባለጸጋ ለሟች አባታቸው ሶደቃ አወጡ። ሰንጋ ተጥሏል። ደረሳው ሁሉ መጥቶ ቁርኣን እንዲያኸትምና ዱዓ እንዲያደርግ ተጠራ። መልእክተኛው ግን መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቀጥቃጩ ልጅ ይቅር፤ እንግዶቹ ይፈራሉ» አለ።

ሸኻችን ከኪታባቸው ቀና እንኳ አላሉም። «ለጌታህ ሰላም በልልኝ፤ ደረሳው ሲጎድል ዱዓውም ይጎድላል በልልኝ» አሉት። ሰውየው ሄደ። እኛም አልሄድንም። ያን ሌሊት ቆሎ ቆርጥመን፣ ውሃ ጠጥተን ተኛን።

ይህን የምነግራችሁ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር ለማለት አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆዱ ባዶ ሲሆን ፍትሕ አይታየውም፤ የሚታየው ሥጋው ነው። የማረሳው ግን ሌላ ነው። የቀጥቃጩ ልጅ ያን ሌሊት ከሁላችን ቀድሞ ጋደመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ እንቅልፍ ግን እንዳልወሰደው ትንፋሹ ያስታውቅ ነበር። በእሱ ምክንያት እንደተራብን ያውቃል። ከእኛ መካከል አንዱ ትልቅ ልጅ ምንም ሳይናገር ድርሻውን ቆሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ራስጌው አኖረለት። ሲነጋ ስለ ነገሩ ያነሳ አልነበረም። ሸኻችንም ትምህርቱን ካቆምንበት ቀጠሉ።

ስለዚህም ከዶንሶች ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የነካኝ እምቢታው ብቻ አይደለም፤ የእምቢታው አደብ ነው። ለሰው ብሎ መተው አንድ ነገር ነው፤ የተተወውን ነገር ዕድሜ ልክ በዚያ ሰው ላይ አለመቁጠር ደግሞ ሌላ ነው። ሶደቃን የሚያበላሸው ውለታ መቁጠር መሆኑን በመድረሳ ያልተማረ የለም። እነዚያ ወጣቶች ቡድናቸውን ያጡት በማትሰንና በቶለር ምክንያት ነው ሊሉ ይችሉ ነበር። አላሉም። ቡድናቸውን ያሳጣቸው የዘር አጥር መሆኑን ለይተው አወቁ። እስኪሸመግሉም ድረስ በጓደኝነታቸው ጸኑ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችንን «ለጓደኛህ ቁም» ብለን እናስተምራቸዋለን። መልካም ነው። «ከቆምክለት በኋላ አታስታውሰው» ብለንም እናስተምራቸው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ? የቡድኑ መፍረስ ሰዎቹን አላፈረሳቸውም። ኦሊ ማትሰን በዚያው በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ለአገሩ ሮጦ በ400 ሜትር የነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ደግሞ የብር ሜዳሊያ አገኘ። በሙያተኞቹ ሊግ ውስጥ ዋጋው ምን ያህል እንደነበር ለመረዳት በ1959 የሆነውን ማየት ይበቃል፤ ከአንድ ቡድን ወደ ሌላው ሲዛወር በእሱ በአንዱ ምትክ ዘጠኝ ሰው ተሰጠ። ማትሰን፣ ማርኬቲና ሴንት ክሌር ሦስቱም በሙያተኞች ፉትቦል የዝና አዳራሽ ውስጥ ስማቸው ተመዝግቧል። ወሬ አቀባዩ ወጣት ፒት ሮዜል ደግሞ ከ1960 ጀምሮ የሊጉ የበላይ ኮሚሽነር ሆነ።

በርል ቶለርን ለመጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው። እሱም ወደ ሙያተኞቹ ሊግ ሊገባ ተመርጦ ነበር። ነገር ግን በ1952 የበጋ ወራት፣ ኮሌጅ የጨረሱ ምርጥ ተጫዋቾች በሚሰለፉበት ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ገና አንድ ቀን እንኳ በሙያተኛነት ሳይጫወት የተጫዋችነት ዘመኑ አበቃ። ቡድኑ ፈረሰበት፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ተሰበረበት። በቀለሙ ምክንያት አንድ በር ተዘጋበት፤ በአላህ ቀደር ደግሞ ሌላ በር ተዘጋበት።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አስተማሪ ሆነ! በሳን ፍራንሲስኮ መካከለኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ለረጅም ዓመታት ልጆች አስተማረ፤ በኋላም በከተማው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለመሆን ከበቁ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ሆነ። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ስሰማ ደስ ቢለኝ አትፍረዱብኝ። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በ1965 የሙያተኞቹ ሊግ በርል ቶለርን የጨዋታ ዳኛ አድርጎ ሾመው፤ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ እሱ ነው። የዚያን ጊዜ የሊጉ ኮሚሽነር ማን እንደነበር ከላይ ነግሬያችኋለሁ። በ1980 ደግሞ የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ በሆነው ሱፐር ቦውል ላይ በዳኝነት የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

በቋንቋችን ፍርድ ቤት የሚያስችለውንም፣ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውንም «ዳኛ» ነው የምንለው። በ1951 በቀለሙ የተፈረደበት ሰው ከ14 ዓመት በኋላ በነጭና በጥቁር መካከል እንዲፈርድ ዳኛ ሆኖ ቆመ። ፍርዱንም ለ25 የውድድር ዘመናት ያህል ሰጠ። በአንዳንድ ደቡባዊ ከተሞች ቀድሞ ሊጫወትባቸው ባልተፈቀደለት ዓይነት ሜዳዎች ላይ ኳሱ የት እንደቆመ የሚወስነው እሱ ሆነ።

በርል ቶለር በ2009 አረፈ። የእህቴ ልጅ ያየው የትምህርት ቤት ግቢ በስሙ የተሰየመው በ2006፣ ገና በሕይወቱ ሳለ ነው። የተማረበት ዩኒቨርሲቲም በ2017 አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ሕንፃ በስሙ ጠራው። ያ ሕንፃ አስቀድሞ የተሰየመው ጄምስ ፌላን በተባለ የካሊፎርኒያ ፖለቲከኛ ስም ነበር፤ ይህ ሰው በ1920 ካሊፎርኒያ የነጮች ብቻ ሆና እንድትቀር በሚል መፈክር ለምርጫ የተወዳደረ ነው። ስሙ እንዲለወጥ የወተወቱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ከየአገሩ የመጡ ልጆች በቶለር ስም በተጠራ ጣሪያ ሥር ያድራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከአንባቢያን መካከል «ኡስታዝ፣ የሌላ እምነት ሰዎችን ታሪክ ለምን ታመጣብናለህ?» የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ነቢይ ሳይሆኑ በፊት በመካ የተበደለን ለመርዳት በተደረገው ሒልፈል ፉዱል በተባለው ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተው ነበር፤ ነቢይ ከሆኑም በኋላ ያንን ቃል ኪዳን በመልካም ያነሱት ነበር። የቃል ኪዳኑ ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። ፍትሕ ከማንም እጅ ሲወጣ ፍትሕ ነው።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቀለምን ነገር ለማወቅ እኛ አሜሪካ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገን ሰዎች አልነበርንም። መካ በተከፈተችበት ቀን የቁረይሽ መኳንንት ቆመው እያዩ ካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን ያለው የሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) ነው። እኛ ሐበሾች በዚህ የምንኮራውን ያህል የሚኮራ የለም። ለልጆቻችን ስሙን እናወጣለን፣ በየመስጊዱ ታሪኩን እንተርካለን። ነገር ግን ለሴት ልጃችን ዲኑም ጠባዩም ያማረ ወጣት ሽማግሌ ሲልክ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምንድን ነው? «የማን ዘር ነው?» አይደለምን? አባቱ ቀጥቃጭ ወይም ቆዳ ፋቂ፣ እናቱ ሸክላ ሠሪ እንደሆነች ስንሰማ ፊታችን አይጨማደድምን? ኒካሑን የሚከለክል ዲን የለም፤ የሚከለክለው «ሰው ምን ይለናል» ነው። እንግዲህ ያ ሽማግሌ ከደጃችን ሲመለስ እኛም አንድ ሰው ትተን ወደ ድግሱ ገባን ማለት አይደለምን?

ጉዳዩ በኒካሕ ብቻ አይወሰንም። ልጃችን «እገሌን አንጠራውም፤ ልብሱ ቆሻሻ ነው» ሲል ዝም እንላለን። ጎረቤት «ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ የሠራተኛዋ ልጅ ግን ቤት ትጠብቅ» ሲለን እሺ እንላለን። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የአንድ ቀን ነው፤ ሰበብም ሞልቷል። ነገር ግን ልጆቻችን ያያሉ። ከመድረሳው ትምህርት ይልቅ ከዚያች ቀን ይማራሉ። የተተወውም ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይማራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የዶንሶች እምቢታ በዚያው ዓመት የለወጠው ሕግ የለም። ግብዣው አልተሻሻለላቸውም፣ ቡድኑ አልዳነላቸውም፣ ይቅርታ የጠየቃቸውም አልነበረም። በኒው ኦርሊየንስ በሚደረገው ሹገር ቦውል ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ቦቢ ግሪየር የተሰለፈው በ1956 ጥር ወር ነው፤ ያኔም የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ የግዛቱን ቡድን ከጨዋታው ለማስቀረት ታግሏል። ለልጆቻችን «እውነት ከያዝክ ወዲያው ታሸንፋለህ» ብለን ከነገርናቸው ዋሽተናቸዋል፤ ወዲያው ካላሸነፉ ደግሞ እውነቱን ይጥሉታል። የምንነግራቸው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ እውነት ስትይዝ ልትራብ ትችላለህ፤ ድግሱ ሊያልፍህ፣ ቡድንህም ሊፈርስ ይችላል። የአላህ ሚዛን ግን የጠፋብህን ሁሉ ያውቃል፤ ሰውም ቢሆን ዘግይቶ ያስታውሳል።

በዚያ በ1951 የውድድር ዘመን በአሜሪካ ያሸነፉ ቡድኖች ብዙ ነበሩ። በአዲሱ ዓመት ቀን ተጋብዘው የተጫወቱትን ዛሬ ከመዝገብ ፈልጎ ካልሆነ በቀር የሚጠራቸው ጥቂት ነው። ያልተጋበዙት ግን ይኸው ከሰባ ዓመት በላይ አልፎ በእኛ ቋንቋ ይወራላቸዋል። ያስታወሳቸው ያሸነፉት ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አስተዋሽ ያበዛላቸው ያልተጫወቱት አሥረኛው ነው።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ታሪክ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ከነገራችኋቸውም በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «ከጓደኞችህ መካከል ሁልጊዜ የሚቀረው ማን ነው?» መልሱን ያውቁታል። ስሙን ሲነግሯችሁ ደግሞ የፊታችን ጁሙዓ እሱን ከእነ ቤተሰቡ ምሳ ጥሩት።

አላህ ልባችንን ከዘር ኩራት ያጥራልን፤ ልጆቻችንንም ጓደኛቸውን ትተው ወደ ድግስ ከሚሄዱት አያድርጋቸው። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።